ውሃ ያለበት ግማሽ

ባለፈው ሳምንት ቡሬ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሴት ልጇን ላከችብኝ። ልጅቷ ከቦርሳዋ ግማሽ ድንጋይ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ቀዝቃዛ ነው፤ ዛሬም ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ወዲያው አወቅሁት፤ ሌላው ግማሽ እኔ መስኮት ላይ ነዋ።

ልጆች ሳለን እኔና እናቷ ክረምቱ ሲወጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ እንሄድና ቡሬ ሳንደርስ ወርደን፣ ጎርፍ የቦረቦረውን ገደል ለገደል ድንጋይ እንለቅም ነበር። ከላይ ተራ መስሎ ሲሰበር ባዶ ሆዱ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አለ፤ የምንፈልገው እሱን ነው። መዶሻው የኔ፣ ዓይኑ የሷ። እኔ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ፈልፍዬ ጥቁር ድንጋይ ይወጣልኛል፤ እሷ ሸንኮራዋን እየመጠጠች ጎንበስ ትልና አንዱን መዘን አድርጋ፣ ይኼ ሆዱ ባዶ ነው ትላለች። ስሰብረው እውነቷን። እንዴት እንደሚያንገበግበኝ! የሳይንስ መምህራችን የሷን ድንጋዮች መደርደሪያ ላይ ደረደሯቸው፤ የኔን በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው አስደገፉበት።

ስንካፈል ደንባችን የቅርጫ ሥጋ ደንብ ነበር፤ የመደበ መጨረሻ ያነሳል። እኔ እሰብራለሁ፣ እሷ ትመርጣለች። አንድ ቀን ከሁሉም የሚበልጠውን አገኘች። ስመታው ክብሪት ክብሪት ሸተተና ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ከዳር እዳር ያብለጨልጫል፤ ሌላው ድፍን ነው። እሷ ድፍኑን አነሳች፣ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፣ ፈገግ ብላ ቦርሳዋ ከተተችው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ይባስ ተቃጠልሁ። አዘነችልኝ ማለት ነዋ! በደግነትም ልትበልጠኝ?

«አክስቴ፣ ጆሮዎ ላይ አድርገው ይነቅንቁት» አለችኝ ልጅቷ።

ነቀነቅሁት። ከድንጋዩ ሆድ ውስጥ ውሃ ቦጭ ቦጭ አለ። ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ዘመን እኔ በብልጭልጬ ስኩራራ፣ እሷ ለካ የምትፈልገውን መርጣ ነው የሄደችው። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ።

ልጅቷ ዓይኗን ከፊቴ አላነሳችም። የእናቷ ጆሮ ዘንድሮ ጨርሶ እንደከበደ ነገረችኝ። የውሃው ድምፅ ጠፍቶባታል፤ ልጆቿ ውሃው አለ ቢሏትም ሊያጽናኗት እየመሰላት አታምናቸውም።

«‹ለሷ አሰሚያትና ፊቷን እዪ፤ ከቀናች ውሃው አለ› ብላኛለች።»

ድንጋዩን ስመልስላት እጄ እምቢ አለኝ።

«በጣም ቀናች በያት» አልኳት።