እህቴ የሳለችው አፍ

ቅናተኛ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሠዓሊ ናት፤ ገና ልጅ ሆና እርሳስ ከጨበጠችበት ቀን ጀምሮ ስቀናባት ኖሬያለሁ።

እኔ ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ሳስተካክል ቆየሁ። በቀጭን ብሩሽና በሹል እርሳስ ብጉር አነሳለሁ፣ የግንባር መስመር አጠፋለሁ፣ የተንሸዋረረ ዓይን አቀናለሁ። እስካሁን አንድም ደንበኛ ፎቶውን ተቀብሎ እኔን አይመስልም ያለኝ የለም።

እህቴ የሕንፃ ንድፍ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ስታሰምር ትውልና ቤቷ ስትገባ ቀጥ ያለ ነገር ማየት አትፈልግም። አገጭ ታጣምማለች፣ ጉንጭ አረንጓዴ ትቀባለች፣ አንዱን ዓይን ከሌላው እጥፍ ታደርገዋለች። ኤክስፕረሽኒዝም ነው ትለኛለች፤ የሚታየውን ትቶ ውስጥ ያለውን መሳል ማለት ነው አሉ። ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው እሱን የሳለችበትን ሥዕል ሲያይ የሆዴን ጉድ ማን ነገረሽ ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፋት፤ በሳምንቱ ግን እሷንም ሳዪልኝ ብሎ ሚስቱን ይዞ መጣ። እኔ ንብ የነደፈው ሰው ይመስላል ብዬ ሳቅኩበት። ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እናታችን የምትኖረው እኔ ጋ ነው። አንዴ ለመታወቂያ ከተነሳችው በቀር ካሜራዬ ፊት ተቀምጣ አታውቅም፤ ነይ ላንሳሽ ስላት ይሄ ፊት ደግሞ ምን ይነሳል ትለኛለች። እህቴ ልሳልሽ ስትላት ግን ደህናውን ሹራቧን ለብሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላለሰች። ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነው። ምን ስታደርጉ ዋላችሁ ስላት፣ ምንም፣ ቁጭ ብዬ ዋልኩ ትለኛለች። እኔ የማኖራት እናት ሌላ ቤት ሄዳ ስታበራ አንጀቴ እርር አለ።

እህቴ ሥዕሎቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የምታሳይበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ሥዕሎቹን እንድጠቀልልላት የቤቷን ቁልፍ ሰጥታኝ መኪና ልታመጣ ሄደች። ብቻዬን ከእናቴ ሥዕል ጋር ተፋጠጥኩ። አፏ ተከፍቷል፣ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ይህን አፍ አላውቀውም። እህቴ ከየት እንዳመጣችው ሳስብ እጄ አላርፍ አለኝ፤ ጥጉን ብቻ ላቃና ብዬ ብሩሽ አነሳሁ። ቀና ስል አፉ ተዘግቶ ጭራሽ ፈገግ ብሏል። ከሷ የተሻለ ሠራሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

እህቴ ገባች። ሥዕሉን አየች፣ በእጄ የያዝኩትን ብሩሽ አየች፣ እኔን አየች። የኔ ቀለም ገና እርጥብ ስለነበር ብትጠርገው የደረቀው የሷ ከሥሩ ይወጣ ነበር። አፍሬ ጨርቅ አቀበልኳት። አልተቀበለችኝም።

«ተወው ጋሼ። እማዬ ትየው» አለች።

ከሰዓት በኋላ እናቴን ክንዷን ይዤ ሥዕሎቹ የተሰቀሉበትን አዳራሽ አዞርኳት። ከራሷ ሥዕል ፊት ስትደርስ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየች።

«አፌን የዘጋኸው አንተ ነህ?» አለችኝ።

እህቴ ነግራት ይሆን ብዬ ዞርኩ፤ እህቴ ማዶ እንግዶች ከበዋታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ከእናቴ ጋር አልተገናኙም። እንዴት አወቅሽ አልኳት።

«እሷ ስትስለኝ እኔ ሳወራ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አፌን አልዘጋሁም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ! አንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ምን ሆነሽ ነው ብዬ ጠይቄያት የማላውቀውን ሁሉ ለእህቴ ነግራታለች። ሆድ ባሰኝ። ምን ስታወሪ ነበር፣ ለኔም ንገሪኝ፣ ቤት ስንገባ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ ብዬ እንደ ሕፃን ለመንኳት። ክንዴን መታ መታ አደረገችው።

«ልጄ፣ እሱን እኮ ለእህትህ ነግሬ ጨረስኩ» አለች። «ይልቅ እግሬን ደክሞኛል፣ ወንበር ፈልግልኝ።»