ከቀዩ ከፋይ ጀርባ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በግድግዳ በኩል ነበር። ሌሎቹ የቤታችን ልጆች ግቢ ውስጥ ጠፍር አልጋ ላይ ተኮልኩለው ከእማማ ዘሃራ አፍ ሲሰሙ፣ እኔ ክፍል ተዘግቶብኝ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ የደረሰኝን እለቃቅም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። ማዘን አያስፈልግም፤ ያኔም ያናደደኝ እንጂ ያሳዘነኝ ነገር አልነበረም።

ቤታችን ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ ከድሬዳዋ መጥቶ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው። እማማ ዘሃራ የአባቴ አክስት ናቸው፤ እሱን አሳድገው እኛንም ያሳደጉ፣ በቤቱ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው የሆነ ሴት። የሙቀቱ ወራት ሲገባና ኸምሲን የሚባለው የሚጋረፍ ነፋስ ሲነሣ፣ ማታ ማታ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ ያወጣል። የከሰሉ ምድጃ ላይ የወተት ሻይ ይጣዳል፤ ፍሙ ሲደበዝዝ እማማ ዘሃራ በማራገቢያቸው ያቀጣጥሉትና ተረታቸውን ይጀምራሉ።

እኔ ግን አስም ነበረብኝ። ስለዚህ የቤቱ ምርጥ ክፍል ተሰጠኝ። የእንግዳ ክፍሉ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ የተነጠፈበት፣ ዙሪያውን ፍራሽና መከዳ የተደረደረበት፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አባቴ ከሱቁ ባመጣው ቀይ የከፋይ ጨርቅ የተሸፈነ ነበር። በቤቱ ያለችው አንዲት ክሊም፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣዋ፣ የተተከለችው እዚያው ነው። ታንጠባጥብ ነበር፤ ውሃዋ ከከፋዩ ጀርባ ወርዶ የት እንደሚገባ የጠየቀ አልነበረም። ክፍሉ እርጥብ ጆንያ እርጥብ ጆንያ ይሸታል። እማማ ዘሃራ ይህን የንጹሕ ቅዝቃዜ ሽታ ነው ይሉ ነበር።

«ልጅቷን የመታት ነፋስ ነው» ብለው ፈርደዋል። ደረቴ ሲር ሲር ባለ ቁጥር አንድ ነገር ይዘጋል። መጀመሪያ መስኮቱ፣ ቀጥሎ በሩ፣ ኋላም የበሩ ሥር በጨርቅ ተወተፈ። የሚወዱኝ ሰዎች እየተጋገዙ ዘጉኝ ብል ውሸት የለበትም።

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ክሊሟ ዝም ስለምትል ተረቱ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ግቢው እልል ይላል፣ ክሊሟ ታጓራለች፣ የእኔ ተረት እዚያው ይቆረጣል። ስንት ተረት ግማሹ ብቻ እንዳለኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ እማማ ዘሃራ በፋኖስ ብርሃን ስለ ነጯ የግመል ግልገል ይነግሩ ነበር። አንድ ሀብታም ሰው ከግመሎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወዳት ግልገል ነበረችው። ክፉ እንዳይነካት ብሎ የድንጋይ ቤት ሠርቶ በገመድ አሰራት፤ ግልገሏ ግን ከሳች። አንድ አዋቂ ቢጠራ «ብርድ ነው፣ ምንጣፍ ጨምርላት» አለው። ጨመረላት፤ ባሰባት። ሁለተኛው «የሰው ዐይን ነው፣ መስኮቱን ድፈነው» አለው። ደፈነው፤ ባሰባት። ሦስተኛው አዋቂ መጥቶ ግልገሏን አየ አየና... መብራት መጣ። ግቢው እልል አለ፤ ክሊሟም አጓራች።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። በሩ ሥር የተወተፈውን ጨርቅ በእግሬ ገፍቼ ወጣሁ።

«እማማ፣ ሦስተኛው ምን አለ?»

እማማ ዘሃራ ሻያቸውን አስቀምጠው አፈጠጡብኝ። ልጆቹ ግን «ይጨርሱልን፣ ይጨርሱልን» ብለው ስላስጨነቋቸው፣ ነጠላቸውን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥመው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ጨረሱ። ሦስተኛው አዋቂ «ገመድ ጨምርላት፣ እንደምትወዳት ትወቅ» አለው። ሌሊት ግልገሏ ገመዷን በጥርሷ በልታ፣ የበሩን መቀርቀሪያም በጥርሷ ስባ ወጣች፤ በማግስቱ ከመንጋው ጋር እሾህ ስትቀነጥብ ተገኘች። ሰውየው «ማን ፈታት?» ብሎ አገር ሲያምስ፣ እረኛው «ጥርሷ» አለው።

ተረቱ ሲያልቅ ደረቴ ዝም እንዳለ ልብ አልኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ሁሉም ተረቱን ሲሰማ ሹልክ ብዬ ወጥቼ ጨለማው ጥግ ተቀመጥኩ፤ ውጭ ሳለሁ እተነፍሳለሁ፣ ወደ ክፍሌ ስመለስ ይታፈነኛል። በመጨረሻ ሲይዙኝ መልሰው ዘጉብኝ፤ እንደዚያ ሌሊት አስሙ ከብዶብኝ አያውቅም። ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር ይላሉ። እማማ ዘሃራም «አየሽ፣ ያ ነፋስ ነው» አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

በማግስቱ ማታ የበሩን መቃን ይዤ አልገባም አልኩ።

«ትንፋሽሽ አጭር፣ ምላስሽ ረጅም» አሉ እማማ ዘሃራ። «ግቢ ብያለሁ።»

«ግልገሏ የዳነችው ወጥታ ነው። እርስዎ ነዎት የነገሩን።»

«እሱ ተረት ነው።»

«ታዲያ ለምን ይነግሩናል?»

እማማ ዘሃራ በማራገቢያቸው ወደ ክፍሉ ጠቆሙኝ። አባቴ ከሱቅ ገብቶ በራፉ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ፣ «ነገ ሐኪም ታያታለች» አለ። እማማ ዘሃራ እኔም እሄዳለሁ አሉ፤ ፍርዳቸውን ሊያስጸኑ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ከአባቴ ጋር በፈረንሳይኛ፣ ከእማማ ዘሃራ ጋር በሶማሊኛ ተነጋገረች። ደረቴን ካዳመጠች በኋላ የት እንደምተኛ ጠየቀች። እማማ ዘሃራ ክፍሉን በኩራት ሲዘረዝሩላት፣ ክሊሟና የምታንጠባጥበው ውሃ ላይ ሲደርሱ አስቆመቻቸው። ዳቦ ሲረሳ የሚወጣበት ሻጋታ እርጥብ ግድግዳም ላይ ይበቅላል አለች። ከዱቄት የላመ ዘር ይበትናል፤ ዐይን አያየውም፣ ሳንባ ግን ይስበዋል። ብዙው ሰው ስቦት ምንም አይሆንም። የእኔ ዓይነቷ ልጅ ሰውነት ግን ጠላት መጣ ብሎ ይነሣበታል፤ የአየር ቧንቧዋ ውስጡ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታ ይሞላል፣ መተላለፊያው ይጠባል። በየሌሊቱ ሲደጋገም ቧንቧው እንደተቆጣ ይቀርና ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ጭስ እንኳ የሚያስነሣው ይሆናል። የሚነፋ መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ ግድግዳው እስካልጸዳ ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያሸንፍም አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ፣ የኸምሲን አቧራና የከሰል ጭስም ወዳጅሽ አይደሉም፣ ውጭ ማደር ያድነኛል እንዳትዪ አለችኝ። ስለዚህ ያሸነፍኩት ግማሹን ብቻ ነው። ግማሹም ይበቃኝ ነበር።

«በእኔ ግድግዳ ላይ ሻጋታ የለም» አሉ እማማ ዘሃራ ቤት እንደገባን። አባቴ ከከፋዩ ፊት ቆሞ ያመነታል፤ የሱቁ ኩራት ነዋ። ሐኪሟ ስታጸዱ ልጅቷ አትጠጋ ብላ ነበር። እኔ ግን አባቴን መጠበቅ አልሆነልኝም። የከፋዩን ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ ተንጠለጠልኩበት፤ ሚስማሮቹ ተከታትለው ተነቀሉና ሙሉው ወለሉ ላይ ወደቀ።

ግድግዳው ጥቁር ነበር። ከክሊሟ ሥር ጀምሮ ነጠብጣቡ እየሰፋ፣ እየተጋጠመ፣ ትራሴ እስከሚያርፍበት ድረስ ወርዷል። ጆሮዬን ለጥፌ ተረት የሰማሁበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። ሽታው ሲመታኝ ደረቴ ወዲያው ተዘጋ። የማስታውሰው የእማማ ዘሃራን ክንድ ነው። በዚያ ዕድሜያቸው አፍሰው አንሥተውኝ፣ በሩን በትከሻቸው ከፍተው፣ ሲሸሹት ከኖሩት ነፋስ መሐል ይዘውኝ ወጡ። መድኃኒቱን አፌ ላይ ያደረገልኝ አባቴ ነው። ትንፋሼ እስኪመለስ እማማ ዘሃራ አላስቀመጡኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ምሳሌ ነበራቸው፤ ያን ቀን አልተረቱትም።

ክሊሟ ተጠገነች፣ ልስኑ ተፍቆ ታደሰ፣ ከፋዩ ተጣለ። እኔም ከዚያ ወዲህ ተረቴን እንደ ሰው ግቢ ተቀምጬ፣ ከጭሱ ራቅ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አስሙ ዛሬም አለ። መድኃኒቴን ጠዋት ማታ እወስዳለሁ፤ በቤቴ ግድግዳ ላይ ጨርቅ አይሰቀልም፤ ቤት የምታከራየኝ ሴት የረጠበ ግድግዳ በቀለም ልታለብስልኝ ስትመጣ ከበር እመልሳታለሁ። ጨቅጫቃ ትለኛለች። ነኝ።

እማማ ዘሃራ የግልገሏን ተረት ኋላም ብዙ ጊዜ ነገሩን፤ መጨረሻውን ግን ቀየሩት። በአዲሱ ተረታቸው ሰውየው ራሱ ተጸጽቶ በሩን ይከፍትላታል። እኔ ከአልጋው ጫፍ «በጥርሷ ነው» እላለሁ። «ባለቤቱ ነው» ይላሉ። እስኪሞቱ ድረስ በዚህ አልተስማማንም። ተሸክመው እንዳወጡኝ አልረሳም፤ ግን ያወጡኝ እኔ ከፋዩን ካወረድኩ በኋላ ነው።

አሁን ተረቱን ለወንድሜ ልጆች የምነግረው እኔ ነኝ፤ የሚከራከረኝም የለም። አንዳንድ ማታ እማማ ዘሃራ በጣም ሲናፍቁኝ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ በእሳቸው መንገድ ልጨርሰው እልና እጀምራለሁ። ሰውየውን እስከ በሩ አደርሰዋለሁ፣ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ አፌ እንቢ ይለኛል። በጥርሷ ነው የወጣችው።