«ደህና ናቸው» የሚለው ስልክ

በዚያ ዘመን ስልክ መምረጥ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቀላል። መሥሪያ ቤቱ አንድ፣ ባለቤቱ መንግሥት፣ በየከተማው ራስ ላይ የተተከለውም ማማ የዚያው የአንዱ ነው። ሆኖም በዚያው ማማ ሥር ሁለት ዓይነት ስልክ ይሸጥ ነበርና፣ መምረጥ ያማረው ሰው የሚመርጠው በሁለቱ መካከል ነበር። አንደኛው ተንቀሳቃሹ ነው፤ ነጋዴውም ካድሬውም ቀበቶው ላይ ያንጠለጠለው። ሁለተኛው ገመድ አልባ ይባላል፤ መጠኑ የቢሮ ስልክ የሚያህል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ አጭር አንቴና ያለው፣ ለገጠር ተብሎ የመጣ፣ በዋጋም በክብርም ዝቅ ያለ። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የመረጥኩት በስሌት ነው፤ ስሌቱም ትክክል ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ከውጭ አገር ይዤ ስመለስ የተመደብኩት ፍኖተ ሰላም፣ አንድ የዞን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጡ ሪፖርቶችን አጠቃልሎ ወደ ላይ መላክ ነበር። ላይ ያሉት እንደማያነቧቸው ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በጥንቃቄ መጻፌን ቀጠልኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝምና። አለቆቼ ከእኔ ያነሰ የተማሩ፣ ከእኔ የበለጠ የሚሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ጽሕፈት ቤት እውቀት እንደ ጥሩ ጫማ ነው፤ ያዩታል፣ ያደንቁታል፣ ጭቃው ውስጥ ግን አውልቀህ ይዘኸው ግባ ይሉሃል።

እናቴ ከቡሬ ተወርዶ ረጅም የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ከታላቅ ወንድሜ ጋር ትኖር ነበር። የደም ግፊት ነበረባት። አንድ ጊዜ እንደ ምንም አግባብቼ ፍኖተ ሰላም ያመጣኋት ዕለት የመረመራት ሐኪም፣ ራሷን ካዞራት ወይም አንድ ጎኗ ከደነዘዘ ሳይውል ሳያድር እንድናመጣት አስጠንቅቆኛል። ከእኔ ጋር እንድትቀመጥ ለመንኳት።

«የአባትሽ መቃብር እዚያ፣ ማኅበሬ እዚያ» አለችኝ። «እዚህ ምን ልሠራ? የጎረቤትሽን ግድግዳ ሳይ ልዋል?»

ተመልሳ ሄደች። ስለዚህ ከእኔ የሚጠበቀው ነገር አንድ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ በታመመች ዕለት፣ በዚያው ዕለት፣ መስማት። ስልክ የፈለግሁት ለዚህ ነው፤ ለሌላ ለምንም አልነበረም።

ከባልደረባዬ ተንቀሳቃሹን፣ ከአንድ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ገመድ አልባውን ተውሼ ሁለቱንም ይዤ መንደር ወረድኩ። ተንቀሳቃሹ እቤት ውስጥ ምንም አያሳይም፤ በረት አጠገብም፣ ጓሮም፣ በርበሬው ማሳ ላይም ምንም። ኔትወርክ የሚያገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ላይ፣ አንድ ዋንዛ ሥር ብቻ ነው። እዚያ ሥር ሰው ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል። አንዲት ሴት ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «ኧረ ትንሽ ወደ ግራ ዞር በሉልኝ፣ የልጄ ድምፅ ከወገቡ ተቆረጠብኝ!» እያለች የቆመችበትን ቦታ ለማንም አለቅም ብላ ነበር። ገመድ አልባውን ግን ከእናቴ መደብ ላይ አስቀምጬ ስደውል ጽሕፈት ቤቴ ያለ ሰው አጠገቤ የቆመ ያህል ሰማኝ። ማማው ያው ነው፤ የሚቀበለው መሣሪያ ጉልበት ነው የሚለየው። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ለወንድሜ ግን አላለቀም። በቡሬ ገበያ በቆሎ የሚሸጥ ሰው ነውና ሞባይል በኪሱ ይዞ መታየት ይፈልግ ነበር።

«ያንን ድስት የሚያህል ነገር ተሸክሜ ገበያ ልውጣልሽ?» አለኝ።

«ይዘኸው እንድትወጣ አይደለም፤ እቤት እንዲቀመጥ ነው፣ አያ።»

«የሰው እህት ለወንድሟ ሞባይል ትገዛለች። የእኔዋ ሊቅ ደግሞ ባሕር ተሻግራ ተምራ ተምራ፣ የቀበሌ ስልክ!»

እናቴ ከመደቡ ላይ ሳቀች። «ተዋት፣ ለእኔ ነው የሚገዛው። እኔም እንደሱ በተቀመጥኩበት የምውል ነኝ።»

ፍኖተ ሰላም ያለው ሱቅ ባለቤትም እንደ ወንድሜ ነበር። ለማን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ሞባይሎቹን ደረደረልኝ። ገመድ አልባውን ስጠይቀው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የቀበሌ ሊቀ መንበር ስልክ ነው። እርስዎን የመሰለ ሰው ይዞት ቢታይ እኔን ነው የሚሰድቡኝ።» ይዤው አልታይም አልኩት። ከነፀሐይ መሙያው አሽጎ ሰጠኝ።

ለብዙ ወራት ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ሄደ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤቴ የመስመር ስልክ እደውላለሁ፤ እናቴ ታነሳለች። የተናገረችው ሁሉ ጥርት ብሎ ይደርሰኛል፤ ከጀርባዋ ዶሮው፣ የበሩ ሲጥሲጥታ፣ የወንድሜ ሚስት እህል ስታበጥር ሁሉ ይሰማኛል። ደህና ነሽ ወይ ስላት፣ «ደህና ነኝ፤ አንቺን ብቻ ክፉ አይንካብኝ» ትላለች። ስለ ሪፖርቶቼ የጠየቀችኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። «ያ ወረቀትሽ አለቀ?» ትለኛለች፤ እንደ ዘገየ አጨዳ።

ከዚያ አንድ እሑድ የወንድሜ ሚስት አነሳች። እማማ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ አልተመለሱም አለችኝ። በሚቀጥለው እሑድም እሷው አነሳች፤ እማማ ጠበል ወርደዋል፣ ይቆያሉ አለችኝ። ደህና ናቸው? አልኳት። «ደህና ናቸው፣ ተመስገን፤ ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው፣ እትዬ?» አለች። ድምፅዋ ላይ ምንም አላገኘሁም።

ቀጥሎ የደወልኩት በማርያም ዕለት ነው፤ እንኳን አደረሳችሁ ልል። በዚያ ወር የማኅበሩ ተራ የእናቴ ነበር። ለጠላው የሚሆነውን ጌሾ ፍኖተ ሰላም ገዝቼ በመኪና የላክሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ያ ቤት ቄሱን፣ ማኅበርተኛውን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ይዞ መንጫጫት ነበረበት።

«እማማ የሉም፤ ማኅበር ሄደዋል» አለችኝ የወንድሜ ሚስት።

«የማን ቤት?»

«ከወንዝ ማዶ፤ አንዲት ዘመድ ቤት።»

መስመሩ ጥሩ ስለነበረ የቤቱ ጸጥታም ጠርቶ ተሰማኝ። የሚጮህ የለም፣ የሚመርቅ የለም፣ ዋንጫ የሚያቀብል የለም። ሰው ተራውን የሚያስተላልፈው ቤቱ ውስጥ በሽተኛ ሲተኛ ነው። «እሺ፣ ሰላም በሉልኝ» ብዬ ዘጋሁ፤ ከዚያም መናኸሪያ ወርጄ ለቡሬ ተሳፈርኩ።

መንደር የደረስኩት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ወንድሜ ደጃፍ ላይ ከእናቴ የንስሐ አባት ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ተነሣ። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው «ማን ነገረሽ?» የሚለው ነው።

እናቴ መደቡ ላይ ተጋድማ ነበር። ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም፤ አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ከራስጌዋ ሰዎች ከግሽ ዓባይ ያመጡላት ጠበል በጀሪካን ተቀምጧል፤ ከጠበሉ አጠገብ ደግሞ ስልኩ፣ አንቴናው ቀጥ ብሎ፣ ባትሪው ሞልቶ። አወቀችኝ። ልትናገር ሞከረች፤ ቃል አልወጣም፣ ድምፅ ብቻ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት ወንድሜን።

«ምን ብዬ?» አለኝ፤ ጠበኛ አልነበረም፣ ግራ የገባው ሰው ነበር። «‹እናትሽ ታማለች› ብዬ? አንቺ የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም? በሩቅ ላለ ሰው ‹ታሟል› ተብሎ የሚላከው ስለ ማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? ደረትሽን እየደቃሽ ልትመጪ፣ በየመንገዱ ወድቀሽ ልትቀሪ? በሕይወት ያለች እናቴን ሞተች ብዬ ላውጅባት?»

የንስሐ አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እሱ መርዶ ነው። መርዶ ደግሞ ሳይሞት አይነገርም፤ በሞት መቀለድ ይሆናል።»

ያሉት እውነት ነበር። በእኛ አገር ሰው ሞቶ ሩቅ ላለ ዘመድ ሲላክ፣ «ትንሽ አሞታልና ድረስ» ተብሎ ነው፤ ሰሚውም ይገባዋል፣ መንገድ ላይ ያለቅሳል፣ ሲደርስ አይዞህ የሚሉት ሰዎች ይቀበሉታል። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ የአባቴንም ሞት የሰማሁት እንዲሁ ነው። እኔ ግን ስልኩን ስመርጥ የለካሁት ጉብታውን፣ ቤቱን፣ አንቴናውን ነበር። ለሞተው ሰው የታመመውን ቃል ሰጥተነዋል፤ ለታመመው የቀረ ቃል የለም። ለእሱ የቀረለት «ደህና ነው» ብቻ ነው፤ ወንድሜም ያንኑ በሚስቱ በኩል አለኝ።

በማግሥቱ የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እየተቀባበሉ ቡሬ መንገድ አደረሷት፤ ከዚያ በመኪና ፍኖተ ሰላም ገባን። ሐኪሙ መቼ እንደያዛት ጠየቀ። ወንድሜ መሬት መሬት አየ። ሐኪሙ ሰዎችን መቆጣት የሰለቸው ሰው ነበርና አልተቆጣም። «ያኔውኑ ብትመጣ ኖሮ ንግግሯን እናተርፍላት ይሆን ነበር» አለ፣ ጽፎም ወደ ሌላ አልጋ ሄደ።

እኔ ቤት የቆየችው ጥቂት ነው። በደህናው እጇ በሩን እየጠቆመች ሌላ ነገር አልቀበል አለች፤ ግድግዳውን እንኳ አላየችም፣ በሩን ብቻ። መልሼ ወሰድኳት። ወንድሜን በንስሐ አባቷ ፊት አስማልኩት፤ ከእንግዲህ ታመመች ካለኝ ታመመች ማለት እንደሆነ እቀበላለሁ፣ አልጮህም፣ እሱም ይነግረኛል። በማርያም ማለ። ቄሱ ግን ነገሩን ብዙ አልወደዱትም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ስደውል የወንድሜ ሚስት መነጋገሪያውን እናቴ ጆሮ ላይ ትይዝላታለች። እኔ አወራለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጽሕፈት ቤቱ፣ እንደ ዘገየ አጨዳ ስለማያልቁት ወረቀቶች። ከወዲያ የሚመጣው ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ስለ ሰው ብዙ ነገር እንደማይናገር ያኔ ተማርኩ።

በክረምቱ መጨረሻ፣ አንድ እሑድ፣ እንደ ልማዴ አውርቼ ጨረስኩ። የወንድሜ ሚስት መነጋገሪያውን ተቀበለቻት።

«ደህና ናቸው፣ እትዬ። በልተዋል፣ ጠጥተዋል፤ ዛሬማ ፊታቸውም ፈካ ብሏል። አታስቢ።»

ተሰነባበትን። መነጋገሪያውን ስታስቀምጠው ግን በትክክል አልተቀመጠም፤ መስመሩ አልተቋረጠም። ልዘጋ ስል የወንድሜ ድምፅ መጣ።

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ፤ ደህና ናቸው አልኋት።»

«ዛሬስ ቀመሰች?»

«ከዓርብ ወዲህ መች ዋጡና! ውኃው እንኳ በአፋቸው ጥግ ይፈሳል።»

«ምዬላት ነበር እኮ።»

«ታዲያ ንገራት። ንገራትና ማን እንደሚያባብላት እዚያ ፈልግ። ብቻዋን ናት፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ግድግዳ ታቅፋ ልታድር ነው? የተማረ ሰው ሆዱ ስስ ነው፣ ይሄን አይችለውም።»

«እስኪ ነገ ደግሞ እንያት» አለ።

ከዚያ የሚስቱ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ወደ መደቡ ጠጋ ያለች መሰለኝ። «እንዲህ አይሁኑብኝ እንጂ፣ እማማ። ትንሿን ብቻ። ስለ እኔ ሲሉ፤ እኔ ምን አደረግሁዎ?» ማንኪያ ሳህኑን ነካ። እናቴ አሳላት። «ኧረ ጎሽ፣ ኧረ ጎሽ፤ አይ፣ ወጣ... ደግሞ እንሞክራለን፤ ማን ይቸኩላል።»

ልጠራቸው እችል ነበር፤ ጮክ ብል ይሰሙኛል። አልጠራኋቸውም። ብጠራቸው ሁሉም ነገር ወዲያው «ደህና» ይሆናል። መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ በሌላው እጄ ጋቢዬንና ጥቂት ልብስ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ፤ የሚሉት ካለ እንዳያመልጠኝ እያዳመጥኩ። የወንድሜ ሚስት ማንኪያውን እንደገና አነሳች። እናቴ መዋጥ አለመዋጧን ለመስማት ቆምኩ። አልዋጠችም።

የቡሬው መኪና ሊንቀሳቀስ ሲል ደረስኩ። ሹፌሩ ከጎኑ ያለውን ጆንያ አንሥቶ ቦታ ሰጠኝ፤ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። እናቴ ታማለች አልኩት። ሞተሩን አስነሥቶ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አወረደና፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እቴ» አለኝ። በሕይወት አለች ብዬ ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ደክሞኝ ተውኩት።