ሐሞትዎ እንዲፈስ ያልኩ ዕለት

አሰላ ተመድቤ ኢንዶስኮፒ ክፍል የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ እጥበት ነበር። በአፍ ገብቶ ሆድ ዕቃን የሚያሳየውን ረጅም ቱቦ በሳሙና አጥቤ፣ ውስጡን በቀጭን ብሩሽ ፈትጌ፣ መድኃኒት ውስጥ ዘፍዝፌ አደረቅኩት። የክፍሉ ኃላፊ ወደ መብራት አንስተው አዩትና «ሲስተር፣ አንቺ ትውጪዋለሽ?» አሉኝ። መልሼ አጠብኩት። ነርስ ተብዬ ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ዕቃ አጣቢ ሆንኩ ብዬ ተናድጄ ነበር። ዛሬ አዲስ ነርስ ሲመጣ እኔም ያንኑ እጠይቃለሁ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ስፔሻሊስት ከአዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት መጣ። በውሰት የያዘው መሣሪያ ነበር፤ በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ፣ ጫፉ የማይክሮስኮፕ ዓይን የሆነ ቀጭን ሽቦ። የሐሞት ቧንቧውን ግድግዳ ሲነካ ሴሎቹ እዚያው ስክሪን ላይ ይታያሉ። የእኔ ድርሻ ሴሎቹን የሚያበራውን ቀለም በደም ሥር መስጠትና ሽቦው እንዳይነቃነቅ መያዝ ነበር። ጤነኛው ግድግዳ እንደ ነጠላ የሳሳ ግራጫ መረብ ይመስላል፤ ወፍራም ጥቁር መስመር ሲበዛ ያሰጋል። ዶክተሩ ግን ምስሉ ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ ያመለክታል እንጂ ብቻውን አይፈርድም ይል ነበር።

ሐጂ ሁሴን የሳጉሬ እህል ነጋዴ ናቸው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ገላቸውን እያሳከካቸው መጡ። ጎረቤት የወፍ በሽታ ነው ብሎ ቅጠል ሲያጠጣቸው ከርሟል። የሐሞት ቧንቧቸው አንድ ቦታ ላይ ጠቧል፤ ቀደም ሲል የተወሰደው ናሙና «አልለየም» ተብሎ ተመልሷል። ጠባሳ ከሆነ እሰየው። ካንሰር ከሆነ ደግሞ ሳይስፋፋ መቆረጥ ነበረበት።

ከዶክተሩ በፊት እኔ ለማስረዳት ቀደምኩ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አይስጉ ሐጂ፣ ሐሞትዎ እንዲፈስ ነው የምናደርገው» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። «ለዚህ አልመጣሁም» ብለው ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ።

ካርዳቸው ላይ «በፍርሃት እምቢ ብለዋል» ብዬ ጻፍኩ።

አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ፋጡማ አስተማሪ ናት። ካርዱን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። «አባቴ አልፈሩም ሲስተር። ሰው ፊት ሐሞትዎን እናፈሳለን ስትያቸው፣ ወኔዎን እንሰልባለን ያልሽ መስሏቸው ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አፈርኩ። ሐሞቱ ፈሰሰ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እኔ ጠፍቶኝ ነው? እናቴ ወንድሞቼን የምትሰድበው በዚሁ ነበር። ቃሉን ከሥራ ዕቃ ጋር ደባልቄው ጆሮዬ ደንቁሯል።

ዶክተሩ የሚሄደው ዓርብ ነው። ሐጂ ስልክ አላነሳ አሉ። ሐሙስ ከፋጡማ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን ሳጉሬ ወረድን። መጋዘናቸው ውስጥ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ። ፋጡማ ነገሩን በኦሮምኛ ካስረዳች በኋላ «አባ፣ ሀዶፍቱ ማለቷ ነው እንጂ ወኔ አላለችም» አለቻቸው። በኦሮምኛ ሀዶፍቱ ያ መራራው ፈሳሽ ነው፤ ለድፍረት አይባልም።

«የተዘጋብኝ ሀዶፍቱ ነው?»

«አዎ ሐጂ። ቢጫ ያደረገዎት እሱ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ አትይም ነበር?» አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ሐጂ መጡ፤ እኔም ሽቦው እንዳይነቃነቅ ያዝኩ። ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ መስመር ወፍሮ ታየ። ዶክተሩ ናሙናውን ከዚያው ቦታ ወሰደ፤ ሐሞቱ እንዲያልፍም ትንሽ ቱቦ አስገባ።

ውጤቱ ሲመጣ የሐጂ ዓይን ነጥቷል። ፋጡማ እንዳይነገራቸው ለምናኝ ነበር። እሳቸው ግን እሷን ደጅ አስቀምጠው ብቻቸውን ገቡና ጠየቁኝ። መዋሸት አቃተኝ።

«ካንሰር ነው ሐጂ። ገና አልተስፋፋም፤ በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላል ብለዋል ሐኪሞቹ።»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «እንግዲህ ሐሞት የሚያስፈልገኝ አሁን ነው» አሉ፤ በአማርኛ።

ሲወጡ ካርዳቸውን አውጥቼ «በፍርሃት» የሚለውን ሰረዝኩና ፈረምኩበት። ከዚያ ወዲህ ካርድ ላይ በሽተኛው ያለውን እጽፋለሁ፤ የመሰለኝን አልጽፍም።