በለሱ ላይ የወጣው ነጭ ነገር

ዛሬ የደረቀ በለስ በካርቶን እያሸገች የምትልከው ልብስ ሰፊ፣ ሥራውን የጀመረችው በአንድ አሮጌ የሽቦ አልጋና በአንድ አጎበር ነው። በሰፈሩ የበለስ ዛፍ የሌለበት ግቢ የለም። ፍሬው ግን ባንዴ ይደርስና በሳምንት ውስጥ ረግፎ የዝንብ ሲሳይ ይሆናል። ይህ ሲያንገበግባት ኖሮ አንድ ዓመት ላይ ቆርጣ ተነሣች። የስፌት መኪናዋን ሸጣ የጎረቤቱን በለስ ሁሉ ገዛች፤ አልጋውን ግቢ አውጥታ ፍሬውን ደረደረችበትና አጎበር አለበሰችው።

ዓይናቸው ከጠፋ አሥር ዓመት የሆናቸው አማቷ ይህን ሲሰሙ፣ "መኪናሽን ሸጠሽ ዝንብ ልታረቢ ነው?" ብለው አኮረፏት። ሰፈርተኛውም "ፀሐይ ጠባቂዋ" የሚል ስም አወጣላት። እሷ እቴ! ጠዋት ታሰጣለች፣ ከሰዓት ታገላብጣለች፣ ደመና ባየች ቁጥር እየሮጠች ታስገባለች። ሲደርቅ ጠፍጠፍ እያደረገች አሥራ ሁለት ሳጥን ሞላች። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ቀመሰና ወደደው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥቶ ሁሉንም ሊወስድ ተስማሙ።

ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አንዱን ሳጥን ከፈተች። ፍሬው ላይ ነጭ ነገር ተነስንሶበታል። ሌላውን ከፈተች፤ ያው ነው። አሥራ ሁለቱም እንደዚያው። መኪናው የለ፣ በለሱ የለ። "ሻገተብኝ! ሻገተብኝ!" እያለች፣ ጎረቤት አይቶ ሳይስቅባት ልትቀብረው ከጓሮ መቆፈር ጀመረች።

አማቷ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። ሳጥኑን በእጃቸው አገኙት።

"እማማ፣ ይተዉት!" ብላ ሳትጨርስ አንዱን ጎረሱ። አላመጡና ሌላ አነሱ።

አካፋዋን ጥላ አጠገባቸው ዘጭ አለች። ያን ቀን ዓይኗን ከሆዳቸው ላይ አልነቀለችም።

"አላመመዎትም?"

"አላመመኝም።"

"አያቅለሸልሽዎትም?"

"አንቺ ነሽ የምታቅለሸልሺኝ! ይልቅ ድገሚኝ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደምንም ደፍራ ነጩን በምላሷ ነካችው። ስኳር ነው! የበለሱ የራሱ ስኳር ወደ ላይ ወጥቶ ደርቋል። እፎይ አለች። ሳቀችም አለቀሰችም።

"ሻግቷል ብዬ እኮ ነው፣ እማማ።"

"ሰምቼሻለሁ" አሉ አማቷ። "የጠፋው ዓይኔ እንጂ አፍንጫዬ አይደለም። ሻጋታ ቢሆን ይሸተኝ አልነበር? ግን ያን ሁሉ ቀን አኩርፌሽ፣ ደህና ነው ብልሽ መቼ ታምኚኛለሽ? ሲጣፍጠኝ ብታዪ ይሻላል ብዬ በላሁት።"

በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪው አሥራ አንድ ሳጥን ጫነ። አሥራ ሁለተኛውን አማቷ ጭናቸው ላይ አድርገው አልሰጥም አሉ።