በጥላ የሚደርቅ ጠፍር

ባለፈው ሳምንት በሐይቁ ዳር አዲስ በተሠራው ሎጅ ጓሮ ሳልፍ ሁለት ወጣቶች አንድ ያረጀ አልጋ ጠግነው ደጅ ሲያወጡ አየሁ። የላላውን ጠፍር ቆርጠው ጥለው በአዲስ እርጥብ ቆዳ አጠላልፈውታል፤ ሥራቸው ክፉ አይደለም። ግን ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ጠራራ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ‘ወደ ጥላ አስገቡት!’ ብዬ ስጮህ የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም፤ ልጆቹም አሮጊቷ ያመማት መስሏቸው አልጋውን ትተው እኔን ወደ ጥላ ወሰዱኝ። አልታመምሁም፤ ደንግጬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጆቼ ራሳቸው አያት በሆኑበት ዘመን፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ አልጋ አይቼ ልቤ እስኪጠፋ እደነግጣለሁ ብል ማን ያምነኛል።

አባቴ ሙሔ ይባሉ ነበር፤ ሥራቸው አልጋና ወንበር መጠፈር ነው። ፊት ለፊት ሲያገኛቸው ‘ሙሔ ባለእጁ’ የሚላቸው ሰው ዞር ሲሉ ‘ፋቂው’ ይላቸዋል፤ አልጋው ሲላላበት ግን ያው ሰው ‘ኧረ ጎኔ አለቀ’ እያለ ደጃችን ይቆማል። ባሕር ዳር ያኔ ከተማ ለመባል ገና ነበረች፤ የጊዮርጊስ ደብር፣ በዋርካ ጥላ የሚቆም ገበያ፣ ጥቂት የሣር ቤቶች፣ ከውኃው አፋፍ ደግሞ አሣ አጥማጁና ታንኳ ሠሪው እስላም ወገናችን። የእኛ ቤት ከሁሉም መጨረሻ፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት ነበር። ክረምቱ ሲበረታ ሐይቁ ደጃችን ድረስ ይመጣና እናቴ ከበሯ ሳትርቅ ዕቃዋን ታጥብ ነበር።

አባቴ አንድ የበሬ ቆዳ ሐይቁ ውስጥ በድንጋይ አስጭነው ያሰነብቱትና፣ ፀጉሩን ከፋቁ በኋላ ከጠርዙ ጀምረው ዙሪያውን እየዞሩ በቢላዋ ይቆርጡታል፤ ያ ሁሉ ቆዳ ሳይበጠስ አንድ ረጅም ጠፍር ሆኖ ይወጣል። የእኔ ድርሻ ጫፉን ይዞ መሮጥ ነበር። ከደጃችን ተነሥቼ ወደ ውኃው ስሮጥ ጠፍሩ ከኋላዬ እየተፈታ ይከተለኛል፤ አባቴም ‘ቀስ በይ ፋጤ፣ ትበጥሽዋለሽ’ ይላሉ፤ በጥሼው ግን አላውቅም። ከዚያ እርጥቡን በእንጨቱ ቀዳዳ እያስገቡ እያወጡ፣ አግድሙንና ቁመቱን እያጠላለፉ ይጠፍሩታል። ሥራው ሲያልቅ ለሚያየው የላላ ይመስላል፤ ባለቤቱም ‘ይኸ ደግሞ ምን ሥራ ነው’ ብሎ ያኮርፋል፤ አባቴ ይስቃሉ። እርጥብ ቆዳ የዋህ ነው፣ ጉልበቱን የሚያወጣው ሲደርቅ ነው ይሉ ነበር። እርጥብ ጆንያ አልብሰው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ በየቀኑም ጆንያው ላይ ውኃ ያርከፈክፋሉ፤ ቆዳው ቀስ እያለ ሲጠብቅ እንጨቱም ቀስ እያለ ይለምደዋል። ፀሐይ ያገኘው ጠፍር ግን ባንድ ጊዜ ይኮማተርና የያዘውን ይሰብራል። ይህን ያወቅሁት ቁርዓን መቅራት ሳልጀምር ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ኑሩ፣ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። ታንኳ ይሠራል፤ በሠራት ታንኳም ሰውና እህል ወዲህ ወዲያ ያሻግራል። ማዘዝ ስለምወድ ‘እሜቴ’ ብሎ ይጠራኛል። ታንኳዋ አፍንጫ ላይ ያስቀምጠኝና ‘እሜቴ፣ ወዴት ይሁን?’ ይለኛል፤ እኔም በሩቁ የማየውን ደሴት በጣቴ እጠቁማለሁ፤ እሱ ደግሞ ‘እሺ’ ብሎ ደንገሉን ዳር ዳሩን ያዞረኝና ወደ ቤት ይመልሰኛል። ደሴት የደረስሁ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ለእኩዮቼ አውርቻለሁ። ጣሊያን አገራችን በገባ በሁለተኛው ዓመት ‘ለሽፍታ እህል ታሻግራለህ’ ብለው ያዙት። አሻግሮ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማንንም እምቢ የሚል ሰው አልነበረምና አሻግሮ ይሆናል። ካምፑ ውስጥ ባለ የቆርቆሮ ቤት አሰሩት። እናቴ በየቀኑ ምሳውን በአገልግል ይዛ ትሄዳለች፤ ዘበኛው ከበሩ ተቀብሏት ይገባል፤ ቆይቶ ባዶውን አገልግል ይመልስላታል። እሷም ቤት ስትገባ ክዳኑን ከፍታ ታሳየናለች። ‘አልሐምዱሊላህ፣ ፍርፋሪ እንኳ አላስቀረም’ ትላለች፤ ያን ዕለት ፊቷ በርቶ ይውላል።

ወንበሩ የመጣው እሱ በታሰረ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። የካምፑ አዛዥ፣ ሰው ሁሉ ካፒታኖ የሚለው፣ ከአገሩ ያመጣው የአያቱ ወንበር ነበረው፤ እግሩ እንደ አንበሳ መዳፍ የተጠረበ፣ መደገፊያው አበባ የተፈለፈለበት፣ መቀመጫው አብጦ የተሰፋ። ከጎርጎራ በጀልባ ሲሻገር ውኃ ጠጥቶ ኖሮ፣ አንድ ቀን ካፒታኖው ዘፍ ሲልበት ከሥሩ ተበሳና ሰውየው ተቀርቅሮ ጉልበቱ ከአገጩ ገጠመ። ሁለት አስካሪ ወታደሮች ናቸው ጎትተው ያወጡት አሉ። ባሕር ዳር አፏን ይዛ ሳምንት ሙሉ ሳቀች። እኛ ሳቃችንን ሳንጨርስ የካፒታኖው አስተርጓሚ ወንበሩን አሸክሞ ደጃችን መጣ። አባቴ ጎንበስ ብለው፣ ‘ዋጋ አልፈልግም፣ ኑሩን ይማሩልኝ’ አሉ። አስተርጓሚው ሄዶ ተመለሰና ‘ወንበሩ ተጠግኖ ሲገባ ሰውየው ይፈታል ብለዋል’ አለ። እናቴ ወድቃ ጫማውን ሳመች።

አባቴ ለዚያ ወንበር እንደ ተጠነቀቁ ለማንም ሲጠነቀቁ አላየሁም። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅለው በቅል አጠራቀሙ። ጨርቁን ሲገልጡት ውስጡ የፈረስ ጭራ ሆኖ ተገኘ፤ ሁላችንም ደነገጥን። ‘ለአንድ ሰው መቀመጫ ይኸ ሁሉ ፈረስ ተላጨ?’ አለች እናቴ። እኔና እሷ ጭራውን በእንዶድ አጥበን፣ አድርቀን፣ በጣታችን ስናፍታታ ሰነበትን። ከሥሩ ጭራውን ይዞት የነበረው የጨርቅ ጠፍር በስብሷል፤ አባቴ በምትኩ ቀጭን የቆዳ ጠፍር አዘጋጁ። እንጨቱን ግን በጥፍራቸው እየቆረቆሩ፣ ጆሯቸውን እየደቀኑ አጠኑት፤ ነቀዝ የቦረቦረው፣ ከእሳቸው አባት የሚበልጥ እንጨት ነው። ‘ሽማግሌ እንደ ሽማግሌነቱ ነው የሚያዝ’ አሉና ጠፍሩን ከወትሮው ሁሉ አላልተው አጠላለፉት። ሁለት ጆንያ አልብሰው ከጎታው ጥግ አስቀመጡት። ስምንት ቀን ማንም እንዳይነካው ተባለ። ከዚያ ጭራው ይመለሳል፣ የለፋ የበግ ቆዳ ይለብሳል፣ ኑሩም ይወጣል።

ስምንት ቀን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ስንት ነው? በአራተኛው ቀን አባቴ የበጉን ቆዳ ሊያመጡ ሰባታሚት ሄዱ፤ እናቴም አገልግሏን ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ለቅሶ ቤት ነበረባት። ብቻዬን ቀረሁ። ጆንያውን ገልጬ ጠፍሩን ነካሁት፤ አሁንም ቀዝቃዛ፣ አሁንም እርጥብ። አጎቴን ያሰረው ያ እርጥበት መሰለኝ። ደጁን የመጋቢት ፀሐይ ሞልቶታል። አንድ ቀን እንኳ ቢቀነስለት ብዬ፣ ጥቂት ብቻ ብዬ፣ ወንበሩን ጎትቼ አወጣሁትና አሰጣሁት። ሕፃን ነበርሁ፣ አላወቅሁም ብል ውሸቴን ነው። አውቄዋለሁ።

ፀሐዩ ሥራውን እስኪሠራ ብዬ ወደ ውኃው ወረድሁ፤ እኩዮቼ ደንገል እየላጡ ያኝካሉ። ጨዋታው ጣመኝና ወንበሩን ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ጧ አለ። እንዲያ ያለ ድምፅ በዚያ ዘመን ከጥይት ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም፤ እንስራ ያዘሉት ሴቶች እንስራቸውን ጥለው መሬት ተኙ፣ አሣ አጥማጁ ታንኳው ላይ በልቡ ተደፋ፣ ከካምፑም ሁለት ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ። እኔ ገና መሬት ሳልደርስ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሮጬ ስደርስ የወንበሩ አንድ ጎን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ የአንበሳው መዳፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሰውነቴ በድን ሆኖ ሳለ እጄ ብቻ ይሠራ ነበር። ወንበሩን ጎትቼ ወደ ጥጉ መለስሁት፤ ከእንስራው ቀድቼ ጠፍሩ ላይ ውኃ አፈሰስሁ፤ ጆንያውን አለበስሁት፤ የጎተትሁበትን ጠረግሁ። ከዚያ ወጥቼ ከሴቶቹ ጋር ‘የት ነው የተተኮሰው?’ እያልሁ አብሬ ጠየቅሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ማድረግ መቻሏ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

አባቴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆዳውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ገቡ፤ ጆንያውን ገለጡ። አልጮኹም። ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ስንጥቁ ላይ አሳረፉና ቆዩ፤ ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን አንሥተው የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩአቸው። ‘አላልቼው ነበር እኮ’ አሏት እናቴን። ‘ዘሀራ፣ ሳላላው አይተሽኝ የለም?’ እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በማግሥቱ የተሰበረውን ወንበር ተሸክመው ካምፕ ሄዱ፤ ይገድሏቸዋል ብለን ስናለቅስ ዋልን። አልገደሏቸውም፤ ከንፈራቸው አብጦ፣ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ተመለሱ። እናቴን ‘ኑሩን ባሕር አሻግረው ወስደውታል፤ አላህ ካለ ይመለሳል’ አሏት። አገልግሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ወንበሩ ባይሰበር ኑሩ ይፈታ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደርሼበት ራሴ ፈረድሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እናቴ በየቀኑ ከውኃው ዳር እየቆመች የሚመጣውን ጀልባ ሁሉ ታይ ነበር፤ ከጣና ሌላ ባሕር አታውቅምና። አጠገቧ መቆም አልችልም ነበር። አደግሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ፤ ኑሩን የገደልሁ እኔ ነኝ እያልሁ። አባቴም ከዚያ ወዲህ ቆዳ አልነኩም። አልጋውን ተሸክሞ የሚመጣውን ሰው ‘እጄ ከድቶኛል፣ ወንድሜ’ ብለው ይመልሱታል፤ እኔ ምክንያት መስሎኝ፣ ሐዘኑ ነው እል ነበር። ቢላዋቸውን ለሰው ሰጥተው የደረቀ አሣ በአህያ እየጫኑ ዱርቤቴ ገበያ ይሄዱ ጀመር። አይሆንላቸውም ነበር፤ ገዢ ሲከራከራቸው እሺ እያሉ አሣውን ጨምረው የሚሰጡ ሰው ናቸው።

ሃያ ስንት ዓመት እንዲህ አለፈ። እናቴን በቀበርን በዓመቱ አባቴ ታመሙና እየተመላለስሁ አስታምማቸው ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ‘እናትሽ ሳለች አልናገርም ብዬ ነበር’ አሉኝ። ወንበሩን ይዘው የሄዱ ዕለት አስተርጓሚው ከበር ውጭ ተከትሏቸው ነው የነገራቸው። ኑሩን የረሸኑት በተያዘ በሦስተኛው ቀን ነው። ወንበሩ ቤታችን ሲገባ እሱ አፈር ከለበሰ ሰንብቷል። የእናቴን ምሳ ይበሉ የነበሩት ዘበኞቹ ናቸው።

ያን ሁሉ ዘመን የተሸከምሁት ደም የእኔ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ይሆናል። እኔ ግን እናቴ የአገልግሉን ክዳን ከፍታ ስታሳየን ታየችኝና እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። አባቴ አላዩኝም፤ ጣሪያውን እያዩ ነው። ‘ኑሩንስ ጣሊያን ገደለው’ አሉ። ‘አንድ የሚከነክነኝ ግን አለ። ያን ወንበር አላልቼው ነበር። እጄ ምን ሆኖ ከዳኝ?’

ነገርኋቸው። ፀሐዩን፣ ደንገሉን፣ የእንስራውን ውኃ፣ ሁሉንም። ይረግሙኛል ብዬ ራሴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

‘ከስንት ሰዓት እስከ ስንት?’ አሉኝ።

‘ከረፋዱ ጀምሮ ውሏል፣ አባዬ።’

‘በጥላ ቢሆን ይይዝ ነበራ’ አሉ።

‘ይይዝ ነበር።’

እጆቻቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው አገላብጠው አዩአቸው። ‘ምነው ያኔ ብትነግሪኝ፣ ልጄ’ አሉ፤ ቁጣ የለበትም፤ ይህን የመሰለ የሚያሳምም ነገር ግን ሰው ተናግሮኝ አያውቅም። በእኔ ዝምታ የእሳቸው እጅ ሥራ ፈቶ አረጀ። በእሳቸው ዝምታ እኔ ልጅነቴን ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ጨረስሁ። ቆዳ እንደ እሳቸው ዙሪያውን የሚቆርጥ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ አልተገኘም፤ የሚማርም አልመጣ። ሰዉ የብረት አልጋ ገዛ።

ያን ዕለት ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው የሰፈሩን ሰው በስም እየጠሩ የማን አልጋ እንደላላ ይጠይቁኝ ጀመር። ግማሾቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አልነገርኋቸውም። በመጨረሻ ‘ይኸ የተኛሁበትስ?’ አሉ። ከጣሊያን በፊት ራሳቸው የጠፈሩት፣ ወገባቸው መሬት ሊነካ የደረሰበት አልጋ ነበር።

‘ላልቷል፣ አባዬ።’

‘እንግዲያው ቆዳ ዘፍዝፊልኝ።’

ያኑ ዕለት ገዝቼ ሐይቁ ውስጥ ዘፈዘፍሁት። ቆዳው ሳይለሰልስ ቀበርናቸው።