ላልተገኘ ነዳጅ ሽምግልና

ልጅ ለመጠየቅ የሚላክ ሽማግሌ ትንሽ ካልዋሸ ምኑን ሽማግሌ ሆነ? የእኔ ችግር ትንሽ መዋሸት አለመቻሌ ነው።

የላከኝ የእህቴ ልጅ ጂኦሎጂስት ነው፤ ባሕር ውስጥ ነዳጅና ጋዝ ለሚፈልግ ኩባንያ ይሠራል። የልጅቷ አባት ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ "ታክስ የሚሠሩ" ሰው ናቸው ተባልኩ። እዚህ ውጭ አገር የእኛ ሰው ታክስ ይሠራል ከተባለ በየመጋቢቱ የታክሲ ነጂዎችን የግብር ፎርም ይሞላል ማለት ነው። እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

እሑድ ከሰዓት ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ጎረቤቴን ይዤ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ካለችው አሌክሳንድሪያ ተነሣሁ። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ በመኪና ተዘግቶ ስለነበር እዚያ እስክንደርስ ሙሽሮቹ የሚያረጁ መሰለኝ። አባትየው ተቀመጡ ሲሉን እንደ ደንቡ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" ብለን ቆምን።

"ልጃችን" አልኩ፣ "ባሕሩን እንደ ኪሱ ነው የሚያውቀው። የነካው ቦታ ሁሉ ነዳጅ ነው። አሁን የሚቆፍሩት ጉድጓድማ ክዳኑ እስኪነሣለት ነው የሚጠብቀው!"

"የት አገር ነው የሚቆፍሩት?"

ነገርኳቸው።

"የዚያን አገር መንግሥት በነዳጅ ታክስ የማማክረው እኔ ነኝ" አሉ። "የልጁ አለቆች ባለፈው ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? አብዛኛው ጉድጓድ ደረቅ ይወጣል፤ ገና ስንፈልግ ታክስ ከጫናችሁብን ጠቅልለን እንሄዳለን አሉ። እርስዎ ደግሞ ነዳጁ እርግጥ ነው ይሉኛል። እርግጥ ከሆነማ ታክሱ ይጨመር ብዬ ልጻፍ?"

ላቤ ፖቶማክን ሊያጥለቀልቅ ደረሰ። አዎ ብል ኩባንያው ይሄዳል፤ ልጁ ሥራ ያጣል። አይ ብል ውሸታም ሽማግሌ ነኝ። ፋርማሲስቱ እግሬን ረገጡኝ።

"ዋሸሁ" አልኩ። "ነዳጁ ይኑር አይኑር ልጁም አያውቅም። ደረቅ የወጣ ዕለት እህል አይቀምስም። 'አጎቴ፣ ስናገኝ መንግሥት ታክሱን ከትርፉ ይውሰድ፤ ሳናገኝ ግን ከምን እንከፍላለን?' ነው የሚለው።"

"እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ይታወቅልኝ" አሉ ፋርማሲስቱ።

አባትየው አልሳቁም። "እኔም መንግሥቱን የምመክረው እንደሱ ነው፤ ከትርፉ ይወሰድ እላለሁ። ችግሩ ሌላ ነው። ልጄን ከሰጠሁ አማቼ በሚሠራበት ጉድጓድ ላይ ምክር መስጠት አልችልም፤ ሥራውን መልቀቄ ነው። የሚተካኝ ሰው ደግሞ ነዳጅ ተገኘም አልተገኘም፣ ታክሱ ከመጀመሪያው ቀን ይከፈል ባይ ነው። ኩባንያው መሄዱ አይቀርም። አሁንም ልጄን ትፈልጋላችሁ?"

በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁት ያን ቀን ነው። ይህን በሰው ፈንታ መመለስ አይቻልም። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ልጁ ጋ ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

"ስማ፣ ልጅቷን ከሰጡህ ሥራህ ሊሄድ ይችላል" ብዬ ነገሩን አስረዳሁት።



"አጎቴ፣ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ" አለ። "አባቷን ግን አመስግንልኝ፤ ሳይደብቁ ስለነገሩን።"

አባትየው ስልኩን ትኩር ብለው አዩት።

"ነገ ጠዋት ሥራውን እንደምለቅ እጽፋለሁ" አሉ በቀስታ። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ልጃቸውን ተጣሩ።